ሰማያዊዋ ቮልስ ለሆሳዕና መንገድ ስትዘጋጅ

ትናንት አብረን የዋልነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ልጄ ናሆም፣ የመኪናዋን መለዋወጫ ከውጭ በሻንጣዋ ይዛልን የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሰብለ፣ ገርጂ ያለው መካኒክ ሰይድ። ባለቤቴ እግሩን ስለሚያመው ሰሚት ቤት ቀርቷል፤ ግን ስልኩን ከጆሮው ስላላወረደ እሱም አብሮን ነበር ማለት ይቻላል።

ንጋት፣ ሰሚት

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ናሆም ሆሳዕና ሥራ አግኝቷል። ዛሬ ጠዋት የአባቱን ቮልስ እየነዳ ብቻውን ሊሄድ ስለነበር ያለን ቀን ትናንት ብቻ ነበር። መኪናዋ ልጄ ሳይወለድ ብዙ ዘመን የሠራች ናት። ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የቤንዚኑ የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቋል፣ ሽቦዎቹ ልብሳቸው ተልጧል፣ ሞተሩን ከመቀመጫው የሚለየው ጥቁር ካርቶን በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ቮልስ ስትነድ ቆሜ አይቻለሁ። ሰዎቹ ወጥተው ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የቤንዚን ሽታ ሲሸተኝ ዞሬ ጭስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ልጄን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ የሞተሩ ቤት ካልታደሰ አትሄድም አልኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ፣ ውሃና በፌስታል የቋጠርኩት አሸዋ ይዣለሁ። የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም ሲሉ ሰምቻለሁ።

"እማ፣ ቤት ልንሠራ ነው እንዴ?" አለ ናሆም ፌስታሉን አንስቶ እየመዘነ።

"ዝም ብለህ ንዳ።"

በቀስታ ነዳ። ሚኒባሶቹ ክላክስ እየነፉ ያልፉናል። አንዱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሙዚየም የምትሄዱ ከሆነ መንገድ ስታችኋል!" ብሎን ሄደ። ናሆም ሳቀ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ጭስ መኖር አለመኖሩን አያለሁ።

ማለዳ፣ ቦሌ

ሰብለ አንድ ካፌ በር ላይ ጠበቀችን። መስታወት ከመስታወት ጋር የተጋጠመ ፎቅ፣ ከረባት ያሰሩ ወጣቶች፣ ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች። የማኪያቶውን ዋጋ ሳነብ ውሃ ይበቃኛል አልኩ።

"ኤርፖርት ላይ ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው ሲሉኝ፣ እኔ ራሴ አላውቀውማ!" አለች ሰብለ። "የመኪና ግድግዳ ነው ብዬ ወጣሁ።"

"ትክክል ብለሻል" አላት ናሆም።

ዕቃው የፋብሪካው አይደለም፤ የድሮውን አይተው አስመስለው የሠሩት ነው። የቤንዚን ጎማዎች፣ የካንዴላ ሽቦዎች፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ፣ በሞተሩ ዙሪያ የሚገባ ጎማ፣ ያ ጥቁር ካርቶንም ተጠቅልሎ። ካርቶኑ እንዳይጫጫር ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። በእጄ ዳሰስኩት። እንዴት ያምራል! አመስግነን፣ ሰብለን ስመን ተለያየን።

ረፋድ፣ ገርጂ

የሰይድ ጋራዥ የቆርቆሮ አጥር ያለው ጠባብ ግቢ ነው። ሰይድ ከወሎ የመጣ፣ ተረበኛ፣ ሳቂታ ሰው ነው። አራት ቡሎን ፈትቶ ሞተሩን በክሪክ አወረደው። የልጄ ሕይወት የተንጠለጠለበት ሞተር መሬት ላይ ሲቀመጥ እንደ ትንሽ የከሰል ምድጃ ነው የመሰለኝ።

አዲሱን ካርቶን ሲለካው አልሆነም።

"ማዘር፣ ይሄ ኮፒ ነው። ቀዳዳውና መኪናዋ አይተዋወቁም።"

"ታዲያ አሮጌውን አትጣለው። በሱ ልክ ቁረጠው።"

"የሱ ልክማ በእጄ እየተበተነ ነው" አለ። ቢሆንም ስብርባሪውን አዲሱ ላይ ገጣጥሞ በጠመኔ ከበበውና በምላጭ ቆረጠ። ከዚያ ላስቲኩን ሊልጠው ጥፍሩን ሲሰድ እጁን ያዝኩት።

"ተው! ገና አዲስ ነው፣ ግሪስ ይነካዋል።"

ናሆም ለሰይድ ነገረው፤ "እኛ ቤት ሪሞቱ ከተገዛ ጀምሮ ፌስታል እንደለበሰ ነው። ሶፋውም ላስቲኩ ስላልወለቀ ስትቀመጥበት ይጮኻል።"

"የኛም ፍሪጅ አልተላጠም" አለ ሰይድ። "ማዘር ልክ ናቸው። ሆሳዕና ገብተህ ትልጠዋለህ።"

ላስቲኩ ሳይላጥ ተገጠመ፣ ሞተሩም ተመለሰ። ባለቤቴ ደወለ።

"የቤንዚኑን ጎማ ማሰሪያ አጠበቀው?"

"አጥብቋል።"

"በእጅሽ ነክተሽ እይው።"

ነካሁት። ጠብቋል። ጌታ ይመስገን አልኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከገርጂ ወደ ሰሚት

በጃክሮስ በኩል እየተመለስን ነው። ሞተሩ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ናሆም ያፏጫል። ቀጥሎ አንድ ሽታ መጣ። የቤንዚን አይደለም። ከሰል ላይ የወደቀ ፌስታል ሽታ ነው።

"ናሆም፣ አቁም።"

"እማ፣ አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ይሸታል።"

ያን ጊዜ የዘይቱ መብራት ብልጭ አለ። ዳር ይዞ አቆመ። ክዳኑን ሲከፍት እኔ አሸዋዬን አቅፌ ቆሜያለሁ። እሳት የለም፤ ሙቀቱ ግን ፊት ይጋረፋል። ላስቲኩ በሙቀት ተላቆ፣ ማራገቢያው ስቦት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባበትን አፍ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶታል። ጫፉ ቀልጦ ቆርቆሮው ላይ ተጣብቋል።

እኔ ነኝ ያስቀረሁት። እሳት ፈርቼ፣ እሳት ልጭር ነበር።

ናሆም አልተቆጣኝም። "እንኳን እዚህ ሆነ" ብቻ አለ። እኔ ያሰብኩት ብቻውን፣ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ቢሆንስ የሚለውን ነው።

ናሆም ደውሎለት ሰይድ በሞተር ሳይክል መጣ። አየና ራሱን ያዘ። "ማዘርን ሰምቼ!" አለ፤ ወዲያው ደግሞ "አይ፣ የኔ ጥፋት ነው፤ መካኒኩ እኔ ነኝ" አለ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ሞተሩን እንደገና አወረደው፤ የቀረውን ላስቲክ ተንበርክኬ በጥፍሬ ላጥኩ። ዘይቱን ቀይሮ ሞተሩን መልሶ ገጠመ። ከዚያ ሦስታችን እስከ አያት ሰፈር ነድተን ተመለስን። ሽታ የለም፣ መብራት የለም።

"አሁን ትሄዳለች" አለ ሰይድ።

አትሂድ ልለው ፈልጌ ነበር። ግን የጠየቅሁት ዕቃው እንዲታደስ ነው፤ ታድሷል። ሌላ ምክንያት አጣሁ።

ዛሬ፣ ሰሚት

ገና ሳይነጋ ጸልየንለት ወጣ። አሸዋውን ከፊት ወንበር ሥር አደረግሁለት፤ ሳቀ እንጂ አላወረደውም። ረፋዱ ላይ ከቡታጅራ ደወለ። "እማ፣ ሞተሩ ሰላም ነው፣ አንቺስ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ባለቤቴ ባትሪው አልቆበት ነው ይላል፤ ግን እሱም ደጅ ደጁን ያያል። አሁን መሽቷል።

ይህን የምታነቡ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና መንገድ ዛሬ የተጓዛችሁ ካላችሁ፦ መኪናዋ ፈዘዝ ያለች ሰማያዊ ቮልስ ናት፤ የሚነዳት ቀጭን፣ ጠይም፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ስትሄድም ይሁን ቆማ ያያችኋት፣ እባካችሁ እዚሁ ጽሑፌ ሥር ጻፉልኝ።