ወደ ላይ የዞረ ጥለት

የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው ልብስ ማጠቢያውና ማድረቂያው ባሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ ማንም ሊገባ አይችልም፤ እኔም ተነስቼ ወንበሩን ካላጠፍኩ መውጣት አልችልም። መጀመሪያ ላይ ቦታውን የወደድኩት ለዚሁ ነበር። ሜስኪት ከተማ ባለው የአክስቴ ቤት ውስጥ ብቻዬን የምሆንበት ሌላ ቦታ የለኝም። የምተኛው ከአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ሳታወራ እንቅልፍ አይወስዳትም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እቴቴ ነው የምላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ስፖንሰር የሆኑኝ፣ አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ፣ መታወቂያ ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ይዘውኝ የዞሩት እሳቸው ናቸው። ሥራ ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው። ሌዊስቪል በምትባል ሌላ ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ሰዎች ገዝተው የመለሷቸውን ልብሶች እመረምራለሁ፤ ሊፕስቲክ የነካውን ወደ አንድ ሳጥን፣ ስፌቱ የተተረተረውን ወደ ሌላው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ስለነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን ሰዎቹ የሚጽፉትን የመመለሻ ምክንያት በልቤ እመድብ ነበር። በኋላ ተውኩት። ከሁሉ የሚበዛው «ልኬ አይደለም» የሚለው ነው።

ለእኔም የሱቅ ልብስ ልኬ ሆኖ አያውቅም። እጅጌው ያጥራል፤ ወገቡ ሲሆን ዳሌው እምቢ ይላል። ከዚያም በላይ የሚከብደኝ የመለኪያ ክፍሉ ነው። ሻጯ ከመጋረጃው ውጪ ቆማ እንዴት ሆነልሽ ስትለኝ፣ ያልሆነኝን «ኦኬ ነው» ብዬ ገዝቼ እወጣለሁ። አክስቴ ይህን ታዝበው ይሁን አላውቅም፣ አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል አሮጌ የስፌት መኪና ተሸክመው መጡ።

«እንኪ» አሉኝ። «አፉ ዝም የሚል ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋል።»

መስፋት የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት የዚህ አገር ሴት፣ ቀስ ብለው፣ መቀሱን ሳይቀር እያባበሉ ያስተምራሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ ግራጫ ጉርድ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ሁለት ጥልቅ ኪሶች ያሉት። የለበስኩት ቀን ሥራ ቦታ ማንም ምንም አላለኝም። ያ ነው ደስ ያለኝ። አልጎተትኩትም፣ አላስተካከልኩትም፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ መልበሴን ረስቼው ዋልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ቤት የተጠጋ ሰው እጁ ባዶ ሲሆን ይጨንቀዋል። ለአክስቴ ሽርጥ ሰፋሁ። ባለቤታቸው ሲነዱ ስለሚውሉ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ለመኪናቸው ወንበር ትራስ ሰፋሁላቸው። ለአክስቴ የልጅ ልጅ የክርስትና ቀሚስ ሰፋሁ፤ የአንገቱን ዙሪያ ጥቃቅን መስቀሎች በእጄ ጠለፍኩበት። ከክርስትናው በኋላ ስልኩ አላረፈም። አክስቴ ኩሽና ውስጥ ስልካቸውን ስፒከር ላይ አድርገው ሽንኩርት እየከተፉ ያወራሉ፤ እኔ ሰሃን እያጠብኩ እሰማለሁ።

«ኧረ ሱቅ ለሱቅ ምን አንከራተተሽ! ልጄ እያለች! ትሰፋልሻለች።»

ልጄ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ትሰፋልሻለች ሲሉ ግን ወደ እኔ እንኳ አይዞሩም። እምቢ ማለት እፈራለሁ ብል ሙሉ እውነት አይሆንም፤ እምቢ የሚባለው ለጥያቄ ነው፣ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚሰፋው ልብስ በፌስታል ሆኖ ማድረቂያው ላይ ይጠብቀኛል። ለራሴ ከሰፋሁ ዓመት አለፈኝ። ግራጫው ጉርድ ጉልበቱ ላይ ሳስቷል።

የሰው ልክ ስወስድ ስፒሎቹን በከንፈሬ እይዛለሁ። ይህ ይጠቅመኛል። «መቼ ነው የምንድርሽ?» ሲሉኝ፣ «ትምህርቱን ተውሽው እንዴ?» ሲሉኝ፣ «እም» ብቻ እላለሁ። አፏ ውስጥ ስፒል ያለባትን ሴት ማንም አስጨንቆ አይጠይቅም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ አብራኝ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ስሚ፣ ሩምሜቴ ሙቭ ልታደርግ ነው። ክፍሏን ትፈልጊያለሽ? ከዚህ በእግርሽ ነው፣ ራይድ መለመን የለም። ሶ፣ እስከ እሁድ ንገሪኝ፤ ከዚያ ፖስት አደርገዋለሁ።»

ክፍሉን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ትልቅ አይደለም። በመስኮቱ የሚታየው መኪና ማቆሚያና አንዲት ቀጭን ዛፍ ነው። ያን ቀን በዓይኔ የለካሁት ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ነበር፤ ለስፌት መኪናው ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በሐሳቤ እዚያ ተቀምጬ ለራሴ ቀሚስ ቆርጫለሁ።

ለመሄድ ምክንያት ነበረኝ። ከሜስኪት ሌዊስቪል የምመላለሰው እዚያው በሚሠራ ጎረቤታችን መኪና ነው፤ የእሱ ሺፍት ሲረዝም እኔም ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሱ ሲታመም እኔም እቀራለሁ። ምክንያት ግን አይበቃም። ያላገባች ልጅ ከዘመድ ቤት ወጥታ ለብቻዋ ስትኖር፣ ሰው «ምን አግኝታ ነው» አይልም፤ «ምን አድርገዋት ነው» ነው የሚለው። አክስቴን ለዚያ ጥያቄ አሳልፌ መስጠት ከበደኝ። ቢያንስ በባዶ እጄ ልነግራቸው አልፈለግሁም።

ስለዚህ ስጦታ አሰብኩ። አክስቴ ቀኝ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ነጠላ አይረጋላቸውም። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰሃን ሲያዞሩ ይወድቃል፣ በአንድ እጃቸው ያነሱታል፣ መልሶ ይወድቃል። ትከሻው ላይ ተሰፍቶ አንገት ላይ በቁልፍ የሚያያዝ፣ እንደ ካባ የሚጠለቅ ነጠላ ብሠራላቸውስ? ጨርቁም ነበረኝ፤ እናቴ ከሰው ጋር የላከችልኝ፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ የሆነ፣ አንድም ቀን ያልለበስኩት ነጠላ።

አክስቴ ሥራ ላይ በሚሆኑባቸው ሦስት ከሰዓቶች ሰፋሁት። ጨርቁን ማድረቂያው ላይ ዘርግቼ በሳሙና ስባሪ አሰመርኩበት። በቪዲዮ የሚያስተምሩኝ ሴት ያማረ ጌጥ ሁልጊዜ አንገት ዙሪያ መዋል አለበት፣ ፊትን ያበራል ስለሚሉ፣ ጥለቱን በአንገቱ ዙሪያ አዞርኩት። በጣም አማረ። ጠርዙን በእጄ ቀመቀምኩት፣ በካውያ ተኮስኩት። ለብሼ ግን አላየሁትም፤ ለሰው የሚሰጥ ልብስ ቀድሞ መልበስ ነውር ይመስለኛል።

ቅዳሜ የአክስቴ የጽዋ ማኅበር ተራ ነበር። እንግዶቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት መኝታ ቤታቸው ገብቼ ስጦታውን ልሰጣቸው፣ ከዚያም ልነግራቸው ወሰንኩ። የምለውን ዓረፍተ ነገር አጥንቼዋለሁ። አክስቴ ወረቀቱን ፈትተው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ እናትሽ የላከችው አይደለም?»

«ነው። ለእርስዎ ይሻላል ብዬ ነው። እቴቴ፣ አንድ ነገር…»

በሩ ተንኳኳ። ሁሌ የሚዘገዩት ሴቶች ያን ቀን ቀድመው መጡ። አክስቴ በደስታ ነጠላውን አጥልቀው፣ መስታወት እንኳ ሳያዩ፣ ሊከፍቱ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ትልቋ ሴት የያዙትን ዳቦ እንደተሸከሙ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ።

«በስመ አብ! ማን ሞተ?»

ያኔ ነው ያየሁት። ጥለት ወደ ታች ሲሆን ለደስታና ለዘወትር ነው። ለሐዘን ጊዜ ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይዞራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናቴ ለቅሶ ቤት ስንደርስ ከበሩ ፊት ቆም ብላ ነጠላዋን ስታዞር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ተራ ነጠላ ቢሆን ገልብጦ መልበስ ነው። እኔ ግን በድርብ ክር ሰፍቼ፣ ቁልፍ ተክዬ፣ መልሶ እንዳይዞር አድርጌዋለሁ። ለአክስቴ የሰጠኋቸው ለለቅሶ ብቻ የሚለበስ ልብስ ነበር።

 አክስቴ ወደ ደረታቸው አቀርቅረው አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ።

«ማንም አልሞተ፣ ደህና ነን!» አሉ እየሳቁ። «እኔ ነኝ እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ ያልኳት። ለለቅሶ ነው። ልኬ መሆኑን እያየሁ ሳለ ነው ደርሳችሁ ያንኳኳችሁት። ግቡ፣ ግቡ።»

አክስቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በስድስት ሴቶች ፊት እንዳላፍር ብለው፣ ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ትልቋ ሴት ዳቦውን አስቀምጠው ቀረብ አሉና ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት ሳብ ሳብ አደረጉት።

«አይወድቅም?»

«ንቅንቅ አይልም» አሉ አክስቴ።

«አንቺ ብልጥ! ባለፈው ግራንድ ፕሬሪ ለቅሶ ቤት ሳስተናግድ ነጠላዬ ድስት ውስጥ ገብቶብኝ የለ! የእኔ ልጅ፣ ለእኔም እንዲሁ ስፊልኝ።»

«ለእኔም» አሉ ሌላዋ። «ግን አንገቱን አታጥብቂው፤ የራሴን ለቅሶ እንዳታፋጥኚብኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ሁላችሁም ነጠላችሁን ላኩ፣ ትሰፋላችኋለች!» አሉ አክስቴ። ጸሎቱና ጽዋው ሲያበቃ ሜትሬን አምጥቼ የስድስት ሴቶችን አንገትና ትከሻ ለካሁ። ስፒሎቹ ከንፈሬ ላይ ነበሩ። የአንገት ልክ ለመውሰድ ስፒል እንደማያስፈልግ ልብ ያለ አልነበረም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ያን ነጠላ ይዤ ወደ ጠባቡ ክፍል ገባሁ። ስፌቱን ልተረትር ስል አክስቴ በሩን ገፉት፤ ወንበሬ ስለያዘው በክፍተቱ የታየኝ ግማሽ ፊታቸው ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ነጠላውንና መቀሱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ተዪው፣ አትንኪው። ሴቶቹ አይተውታል። አሁን ለቅሶ ለብሼው ካልሄድኩ ውሸቴ ይታወቃል።» ቀጥለውም፣ «ቅድም ምን ልትነግሪኝ ነበር?» አሉኝ።

ስፒሎቹን በከንፈሬ እንደያዝኩ «እም» አልኩ። እጃቸውን በክፍተቱ አስገብተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«መጀመሪያ ስፒሉን ከአፍሽ አውጪ።»

አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስለ ክፍሉ ነገርኳቸው። ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ጠፍቶኝ፣ እየተቆራረጠ፣ ራይዱን፣ መስኮቱን፣ እሁድን ነገርኳቸው።

አክስቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ስፒሎቹን በሌላው እጃቸው አንድ ላይ እያሰለፉ ቆዩ።

«መሄድሽማ አይቀርም» አሉ። «ግን ዛሬ አንቺን ሸፍኜ፣ ለስድስት ሰው ቃል ገብቼ፣ ነገ ወጥታ ሄደች ልበል? ጨርሰሽላቸው ሂጂ።»

«እሺ» አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ ለሥራ ባልደረባዬ አሁን እንደማልችል ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች፤ «ኖ ፕሮብሌም፣ ሌላ ልጅ ጠይቃኛለች።» አክስቴ ከፊት ወንበር በመስታወቱ አዩኝ። 

አሁን አራቱን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ቀርተውኛል። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄደን፣ አክስቴና ሁለት ማኅበርተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው፤ ጥለታቸው ወደ ላይ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የረጋ። ሰሃን ሲያነሱ፣ ሰው ሲያቅፉ፣ ሲያለቅሱ አልወደቀባቸውም። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህን ስል አላፍርም። የማላውቃት አንዲት ሴት ግን ጎንበስ ብላ የአክስቴን ትከሻ እየነካካች ስለ ስፌቱ ስታንሾካሹክ አየሁ። ሰው መሞቱን አይተውም፤ ለቅሶም አያልቅም።

ትናንት ከሰዓት ያቺ ሴት ደወለች። አክስቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ድንች እየላጡ ነበር፤ እኔ ጠባቡ ክፍል ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ አምስተኛውን እየቆረጥኩ ነበር።

«ያን የለቅሶውን ነጠላ የት ነው የሚያሰፉት?»

«ምን የት አለው! ልጄ እኮ ናት፣ ትሰፋል…»

«ስድስት ብቻ ነው፣ እቴቴ!» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። አፌ ውስጥ ስፒል አልነበረም። የመላጫው ድምፅ ቆመ። 

«ማናት?» አለች ሴትዮዋ።

 ከተቀመጥኩበት የአክስቴ ፊት አይታየኝም፤ ለማየት መነሳት፣ ወንበሩን ማጠፍ፣ በሩን መክፈት ነበረብኝ።

«ሰፊዋ ናት» አሉ። «ከስድስት በላይ አትሰፋም።»

ተናደው ይሁን እየሳቁ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ትንሽ ጠበቅሁ። ማንም ወደ በሩ አልመጣም። መቀሱን መልሼ አነሳሁና፣ ጥለቱ ወደ ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ መቁረጤን ቀጠልኩ።