ፓስወርዱን ለእትዬ ዘይነባ አደራ የሰጠሁ ጊዜ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት ምሳ ስበላ ብቻ ነው። ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ባለ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። የንድፍ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የአድሚኒስትሬተር፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። ሠራተኞቹ ተራ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከፎቅ ፎቅ እየሮጥኩ ሳስገባ ዋልኩ።

ወር ሳይሞላኝ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ያለውን የግንባታ ቢሮም ደረቡልኝ። እኔ ዳገቱን ስወጣ ታች ሥራ ይቆማል። ስልኬ አያርፍም። ፓስወርዱን ለሁሉም ብነግር ደግሞ ማሽኑ ላይ ያሻቸውን ይጭኑበታል።

መላ መጣልኝ። የቢሮው ቁልፎች በሙሉ ሻይ በሚያፈሉት በእትዬ ዘይነባ እጅ ነበሩ። ቀርተው አያውቁም፣ ወሬ አይወዱም፣ ከኮምፒውተር ጋርም ጉዳይ የላቸውም። ፓስወርዱን አስጠናኋቸው።

"ሲጠሩዎት ሄደው ይጻፉላቸው። ፓስወርዱን ግን ለማንም አይንገሩ፤ እኔ እንደሰጠሁዎትም ጭምር" አልኳቸው።

"አደራ ካልክ አበቃ፣ ልጄ።"

ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው በአንድ ጣት ይጽፋሉ። እኔም በብልጠቴ ስኮራ ኖርኩ፤ የማን አለብኝ ኩራት! ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ይህን አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን እንጦጦ ሳለሁ ወደ ታችኛው ቢሮ በአስቸኳይ ተጠራሁ። አንድ የንድፍ ሠራተኛ ከፍላሽ ላይ ያገኘውን ፕሮግራም ሲከፍት ፈቃድ ይጠይቀዋል። እንደ ልማዱ እትዬ ዘይነባን ጠራ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጻፉለት። ቫይረስ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ያለውን የደንበኞች ንድፍ ሁሉ ቆለፈው።

ስደርስ አቶ ግርማ እትዬ ዘይነባን አቁመዋቸዋል።

"ፓስወርዱን ማን ነው የሰጠዎት?"

"አልናገርም።"

"ካልተናገሩ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል!"

"ሲሳይ ከአላህ ነው። አደራ ግን አልበላም።"

ክው አልኩ። እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ቁልፎቹን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ነው አፌ የተከፈተው፤ መዘግየቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ አቶ ግርማ።"

ብዙ ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ፕሮግራሙ ለምንድን ነው ፈቃድ የሚጠይቀው?"

ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግበው በገዛ ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የጫነው ሰው ሁልጊዜ በአድሚኒስትሬተር ስም እንዲከፈት አድርጎት ሄዷል። ለዚያ ፎልደር ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ሰጠሁና በአድሚኒስትሬተር ስም ክፈት የሚለውን ትእዛዝ አነሳሁ። ጥያቄው ጠፋ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከቫይረሱ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ።

እትዬ ዘይነባ ሥራቸው ላይ ቆዩ፤ እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ "ሁለተኛ ምንነቱን የማላውቀውን ነገር አታስይዘኝ" አሉኝ።

ፕሮግራም ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ለምን እንደሚጠይቅ መርምሩ። ፓስወርድ የሚጽፍላችሁ ሰው አትፈልጉ።