ያሸነፍኩት መጋዘን
አትሳቁብኝ እንጂ ልንገራችሁ። መንግሥት በርበሬ በረንዳ አጠገብ ያለ መጋዘን በጨረታ ሲሸጥ አሸነፍኩ። ስሜ ማኅተም ተመቶበት ተለጠፈ። መርካቶ ውስጥ ዋጋ ቆርጠው ከተጨባበጡ ነገር አለቀ ነው። እኔም መጋዘኑን የራሴ አድርጌ ቆጥሬ፣ የበርበሬ ሱቄን በዚያው ቀን ለጎረቤቴ ለሰይድ በመጨባበጥ ብቻ ሸጥኩለት።

ውል ልፈርም ቢሮ ስሄድ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ጨረታው ተሰርዟል» አለኝ።

«አሸናፊው እኮ እኔ ነኝ!»

«ውል አልፈረምንም። ማስታወቂያው ላይ የመሰረዝ መብታችን የተጠበቀ ነው ይላል፤ አላነበቡትም?»

ወደ ሰይድ ተመለስኩ። ሱቄን እንዲመልስልኝ ብለምነው እምቢ አለ። ጨንቆኝ፣ «ለነገሩ ውል አልፈረምንም» አልኩት።

ሰይድ የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ከተተና ትክ ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎም መንግሥት ሆኑ እንዴ?»