የመምህር ስንሻው ጥቃቅን ድንጋዮች

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ተነሣሁ። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪዬ መምህር ስንሻው ደውለው፣ «ዓይኔ ማየት አቁሟል። ድንጋዮቼን ለትምህርት ቤቱ ልሰጥ ነውና ስማቸውን አረጋግጭልኝ» ብለውኝ ነበር። ዛሬ እኔም ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

ዳንግላ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ወርጄ ፉል በላሁ። ከዚያ ወዲያ ለከሰል የሚተከለው ግራር መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ የከሰል ጆንያዎችም በየዳሩ ተደርድረዋል። እንጅባራ በጉም ተሸፍና ስለነበር የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቤታቸው ያደረሰኝ መብራቱን አብርቶ ነው።

ከቤታቸው

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ትኩስ ድንች በዳጣ አቀረቡልኝ፤ ቀጥለውም አንድ የጫማ ካርቶን አመጡ። ውስጡ ባቄላ የሚያካክሉ ክሪስታሎች በጥጥ ተጠቅልለዋል። ሁሉም የተለቀሙት ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ሲሆን፣ በሁሉም ላይ በተለጠፈ ወረቀት በመምህር እጅ «ኳርትዝ» ተብሎ ተጽፏል።

«ያችን ትልቋን የሺ ናት ያገኘቻት፤ በተጋባን በወሩ» አሉኝ መምህር።

በማጉያ መነጽር አየኋት። እንደ ኳርትዝ የእርሳስ ቅርጽ የላትም፤ ጎኖቿ ያዘነበሉ ናቸው። በሚስማር ጫር ሳደርጋት ተጫረች፤ ኳርትዝ ደግሞ በሚስማር አይጫርም። ቀና ስል ወይዘሮ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንዳልናገር በዓይናቸው ለመኑኝ።

«ስትጭሪያት ሰማሁ» አሉ መምህር። «ምን አገኘሽ?»

«መምህር፣ ይቺ ኳርትዝ አይደለችም፤ አሲድ ሲነካው የሚፈላው ካልሳይት ሳትሆን አትቀርም።»

«በምን አወቅሽ? አሳዪኝ።»

ከክሪስታሏ ጠርዝ የረገፈች ስባሪ ሲኒ ውስጥ አድርጌ፣ ይዤው ከመጣሁት የቀጠነ አሲድ አንድ ጠብታ ጣል አደረግኩባት። ሲኒውን ጠጋ አድርጌ ያዝኩላቸው፤ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ፍሽሽሽ አለ። ፊታቸው በራ።

«የሺ! ነይ ስሚያት! አርባ ዓመት አብራን ኖራ ድምፅዋን ገና ዛሬ ሰማሁት!»

ወይዘሮ የሺ እየሳቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ሦስታችንም አንድ በአንድ ፈተንናቸው፤ ከሃያ ሁለቱ ሰባቱ ካልሳይት ሆኑ። መምህር ስም እየጠሩ አጻፉኝ፤ ወይዘሮ የሺ በጥጥ ይጠቀልሉ ነበር።

መልስ

አመሻሹ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። እውነቱ ያሳዝናቸዋል ብዬ የፈራሁላቸው ሰው አቅፈው መርቀው ሸኙኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀመር ተሳስቼ አስተምሬ፣ ማን ያስተውላል ብዬ አልፌው ነበር። ሰኞ ክፍል እንደገባሁ ጠመኔ አነሣሁና፣ «ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳችሁ ቀመር ስህተት ነው» ብዬ ጀመርኩ።