የተዋናዩ ሚስት

ዛሬ አሶሳ ገበያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ አንድ እውቅ የህንድ ተዋናይ አሳየ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል።

የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረን በቅርቡ ያረፈው ባለቤቴ ነው። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሁለታችንም ከወሎ የመጣን የሰፈራ መንደር ልጆች ነበርን። እሱ ደሴ ሳለ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሎ ይሸጥ ነበርና ብዙ ያውቃል። በጋራው እርሻ በቆሎ ስናርም፣ የእርጥቡ አፈር ወበቅ ፊታችንን እየለበለበን፣ ተዋናዩ «መልክህ አይሆንም» ተብሎ ከፊልም ሠሪዎቹ በር እንዴት እንደተባረረ፣ ኋላም በዚያው በር በአበባና በጭብጨባ እንዴት እንደገባ ይተርክልን ነበር። ሴቶቹ ከእሱ አጠገብ ያለውን ትልም እንሻማለን። አለሚቱ የምትባል ልጅ ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር።

አንድ ቀን አለሚቱ «ሚስቱስ ቆንጆ ናት?» አለችው።

«ቁርጥ አንቺን!» አላት።

ያን ጊዜ እጄ አረሙን ትቶ በቆሎውን ነቀለ። ከኋላዬ የሚያርሙት እማማ ዘነቡ፣ ልጆቻቸውን በድርቁ የቀበሩ ሴት፣ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ በቆሎው ምን አደረገሽ?»

«አረም መስሎኝ ነው፣ እማማ።»

«አንቺ ቀጣፊ! ቅናት ነው እንጂ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅኚ፣ ግድ የለም። እኔ የምቀናበት ሰው እንኳ የለኝም» አሉኝ።

አሁን በቴሌቪዥኑ አንዲት ሽበታም ሴት መጥታ የተዋናዩን ኮሌታ አስተካከለችለት። ሚስቱ መሆኗን አስተናጋጇ ነገረችኝ። እሱ እየሳቀ እጇን ገፋ አደረገው። ቆንጆ ትሁን አትሁን አላስተዋልኩም። የቀናሁት «ተይኝ» የሚላት ስላላት ነው።