ቱቦውን አልነቅልም ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለአዲስ ሥራ የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። «ከሥራ ተባረው ያውቃሉ? ምክንያቱስ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ለምክንያቱ የተተወው ቦታ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። የካርቱም ጉዳዬ በአንድ መስመር አያልቅም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በፖለቲካ ምክንያት ተሰዶ ካርቱም ይኖር ስለነበር፣ የሰመመን ሙያ አገር ቤት ተምሬ እንደጨረስኩ ተከትዬው ሄድኩ። ቤታችን ካላክላ፣ ሥራዬ ደግሞ ቡሪ የሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ነበር። ጠዋት ጠዋት በታጨቀ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጭኔ ላይ በዳቦ የተደረገ ፉል ይዤ እሄዳለሁ። የሰሊጥ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ቀሚሴን ያበላሸዋል። ጊዜው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነበር፤ አቧራው ጥርስ መሐል ገብቶ ይንቀጫቀጫል።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ የመጣችው ልጅ ሉባባ ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ትርፍ አንጀቷ ሲያማት አሠሪዋ የሆስፒታሉ በር ላይ አውርዳት ሄደች። አማርኛዬን ስትሰማ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ «እህቴ፣ እንዳትለዪኝ» አለች። አልለይሽም አልኳት።

ቀዶ ሕክምናው ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ ሆዷ ጠነከረብኝ፣ ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት ጨምሪ አለኝ። የቀረው ጥቂት ስፌት ነው፤ መጨመር እንደሌለብኝ ዐውቃለሁ። ጨመርኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ማንም ላይ አልለጥፈውም።

ያ መድኃኒት እንቅልፍ አይሰጥም፣ ሕመምም አያስታግስም። ጡንቻን ያዝላል፣ የምንተነፍስበትንም ጭምር። እስኪለቅ ድረስ ጉሮሮ ውስጥ በገባ ቱቦ ሌላ ሰው ነው የሚተነፍስልህ።

ስፌቱ አለቀ። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ፣ ማርከሻውን መርፌ ሰጥቼ ቱቦውን እንድነቅልና ቀጣዩ ታማሚ እንዲገባ አዘዘ። እኔ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛኋት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነበረችኝ። የእጅ አንጓ ላይ ተለጥፋ ነርቩን አራት ጊዜ ትነካካዋለች፤ መድኃኒቱ እየለቀቀው ያለ ሰው አውራ ጣቱ አብሮ ብድግ ብድግ ይላል። የሉባባ ጣት ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ጠልቆ ሲይዝ ማርከሻውም አቅም ያጣል፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ሰመመኑን ቀንሼው ነበርና ከዓይኗ ጥግ እንባ ወረደ። ሐኪሙ አየው። «ያላ፣ በይ ንቀይ። ይኸው ነቅታለች» አለኝ።

ነቅታለች፣ መተንፈስ ግን አትችልም፤ ብነቅለው ታፍና ትሞታለች አልኩት። ሰመመኑን መልሼ ከፈትኩና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ፣ «ሉባባ፣ አለሁ። እኔ እተነፍስልሻለሁ፤ ትንሽ ተኚ» አልኳት።

ሐኪሙ በአሻንጉሊት ነው የምትሠሪው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ በየዓመቱ የሚያሳድስልኝ ሆስፒታሉ መሆኑን አስታወሰኝ። ፈርቼ ነበር።

«ኢቃማዬን ይውሰዱት» አልኩት፣ «ቱቦውን ግን አይነኩም።»

ሥራ አስኪያጁን ሊጠራ ወጣ። ሐጃ የምንላት በዕድሜ የገፋች ሱዳናዊት ነርስ በሩን ዘጋችና አጠገቤ መጥታ ቆመች። እኔ የአየር ከረጢቱን በእጄ እየጨመቅሁ ጠበቅሁ። ከውጭ በሩ ተደበደበ፤ ሐጃ አልከፈተችም። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ የሉባባ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በትንሹ፣ ተነሣ። ቆይቶ አራት ጊዜ። ያን ጊዜ ማርከሻውን፣ ልቧ እንዳይዘገይ ከሚጠብቀው አትሮፒን ጋር፣ ሰጠኋት። እንደገና ጠበቅሁ፤ ሰመመኑንም ዘጋሁ። «ራስሽን ቀና አድርጊ» ስላት ቀና አደረገች። እስከ አምስት ስቆጥር አልወደቀም። እጄን ጨምቂ ስላት አጥንቴን አሳመመችኝ። ያኔ ነቀልኩ። ሳለች፣ ተነፈሰች፣ ውኃ አለች።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ የይቅርታ ወረቀት አቀረበልኝ፦ ያለ ምክንያት ትእዛዝ ጥሻለሁ የሚል። «ለጨመርኩት መድኃኒት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ላልነቀልኩት ቱቦ ግን አልጠይቅም» አልኩት። ካልፈረምሽ ሂጂ አለኝ። አልፈረምኩም።

ሉባባን ልሰናበታት ገባሁ። እጇን ማንሳት አቅቷት ስትታገል፣ በጨለማው ውስጥ የተሰማት የእኔ ድምፅ ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። «ወላሂ፣ ያላንቺ ሞቼ ነበር» አለች። መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። እጄን ያዘችና አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ለወራት ሥራ ፈትቼ፣ ፖሊስ ወረቀት እንዳይጠይቀኝ ዋናውን መንገድ ትቼ በውስጥ ለውስጥ እየሄድኩ ኖርኩ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለኝም።

ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች፣ ወጣትነት ነው፣ ግትርነት ነው ይላሉ። ግትርነትስ ነው። በሕይወቴ ፈርቼ ብዙ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ ያን መድኃኒት የጨመርኩትም እሺ ብዬ ነው። ከእሺታዎቼ የትኛው እንደጠቀመኝ አሁን አላስታውስም። «አልነቅልም» ያልኩትን ግን ዛሬም ብፈራ እንኳ እደግመዋለሁ።