በምስጋናው ወረቀት ላይ አንደኛ

ጽጌ ከካርቶን ቤት ትሠራለች። ገና ያልተገነባ ቪላ ምን እንደሚመስል ባለቤቱ እንዲያየው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥለትን ትንሹን ቤት ማለቴ ነው። በደርግ ጊዜ ከሕንፃ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተነሥታ በመተማ በኩል ሱዳን ስትገባ ይዛው የመጣችው ነገር ቢኖር ይህ ሙያዋ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 1992 ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ የአርክቴክት ቢሮ ተቀጠረች። ቢሮዋ የኢንጂነር ሙስዐብ ናት። ሙስዐብ ረጋ ያለ፣ የማንንም ሐሳብ የማይንቅ ሱዳናዊ ነው፤ የጽጌም መከራ የጀመረው ከዚሁ ደግ ጠባዩ ነው።

ሙስዐብ አንድ ልማድ ነበረው። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ቁልፉ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ባዶው ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ያስነጥፋል። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ብረት ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉ ይጠራሉ። ቀዝቃዛ ከርከዴ እየተጠጣ ሙስዐብ የምስጋና ወረቀት ያነባል፤ እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ ያደረገውንም ጨምሮ። ወረቀቱ መስታወት ገብቶለት ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንደኛ የሚጠራው ሰው ለቤቱ ዋናውን ሐሳብ ያመጣ ነው። አንዴ ጣሪያውን ለንፋስ የከፈቱ አንድ ሽማግሌ አናጢ አንደኛ ተጠርተው፣ ሰው ፊት አልቅሰዋል።

ጽጌ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመጨረሻዋ ነበረች። "እንዲሁም ሲት ጽጌ፣ ለሞዴሉ" ይላል ሙስዐብ ወረቀቱን እያጠፈ፤ ሲት ማለቱ ወይዘሮ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጫማውን መፈለግ ጀምሯል። ጽጌ ፈገግ ብላ ታመሰግናለች። ሳጃና ሰፈር ወዳለችው ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ግን አናጢውንም ግንበኛውንም በየተራ በሆዷ ትሰድባቸዋለች። አንድ ቀን አንደኛ ሳልጠራ ከዚህ ቢሮ አልወጣም ብላ ምላለች።

በ2003 ካፉሪ ውስጥ ለአንድ ሀብታም ነጋዴ የሚሠራ ቪላ መጣ። ጽጌ ሞዴሉን ጨርሳ ዳር ዳሩን ስታጸዳ፣ ፋጤ የሙስዐብን ምሳ ይዛ ገባች። ፋጤ የሙስዐብ እናት ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሱዳን ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አረብኛዋም ከማድ ቤት አያልፍም ይባል ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ ሞዴሉ ላይ አጎነበሰች።

"እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ቤት ሰው ይፈጃል" አለች።

"ምን ሆነና?"

"ተመልከቺያ! መጥበኹ እዚህ፣ የሴቶቹ ሳሎን እዚያ ማዶ። ሻይ የተሸከመች ልጅ በወንዶቹ መሀል ካልሆነ በየት ታልፋለች? ወላሂ፣ በቀን አርባ ጊዜ ነው የምትመላለሰው!"

"ጋለት ሽኑ?" ሲል ሙስዐብ ጠየቀ፤ ምን አለች ማለቱ ነው። ጽጌ እየሳቀች ተረጎመችለት። የቤት ሠራተኛ ስለ ፕላን ስታወራ የሚያስቅ መስሏት ነበር። ሙስዐብ ግን አልሳቀም። እርሳሱን አንሥቶ ፋጤ መጥበኽ ያለችውን ማድ ቤት ከቦታው አዛወረው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ፋጤ ከእናቱ ቤት እየተጠራች መምጣት ጀመረች። አምስት ቪላ ውስጥ ሠርታለች፤ የትኛው ደረጃ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው መስኮት አቧራ እንደሚያስገባ፣ ውሃ ሲጠፋ ባልዲ በየት በኩል ማመላለስ እንደሚሻል ታውቃለች። ሙስዐብ ከጎኑ ወንበር ያስቀምጥላታል። ጽጌ ደግሞ ቆማ ታስተረጉማለች። ይታያችሁ! ኮሌጅ የረገጠችው ቆማ፣ እርሳስ ጨብጣ የማታውቀው ተቀምጣ። ጽጌ በፋጤ አነጋገር ቀናች፤ በሳቋ ቀናች፤ ስትገባ ሙስዐብ "አህለን፣ ያ ኡስታዛ!" እያለ እንደ መምህርት ስለሚቀበላት ቀናች። እሷን በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ኡስታዛ ብሏት አያውቅም። እቤት ስትገባ የምትጥለውን ቦርሳ አይታ ካርቱም የተወለደችው ልጇ ዮሐና፣ "ማማ፣ ዘዕላና ነሽ? ማነው ያናደደ አንቺን?" ትላታለች። ምን ብላ ትመልስላት? በአንዲት ሸጋላ፣ በቤት ሠራተኛ፣ ቀንቻለሁ አይባል ነገር!

የመጨረሻው ሐሙስ ተራው የሠራተኛዋ ክፍል ነበር። ፋጤ ያን ዕለት አልሳቀችም። ሞዴሉ ጥግ ላይ ያለችውን የክብሪት ቀፎ የምታህል ክፍል በጣቷ ነካች።

"የዚች በር መቀርቀሪያ ከውስጥ ይሁን" አለች። "እኔ አንድ ቤት ዓመት ከመንፈቅ የተኛሁት አልጋዬን በሩ ላይ አስጠግቼ ነው። ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይዘጋም ነበር። ጓሮ በኩልም ወደ መንገድ የሚያወጣ በር ቢኖራት። ሰው የሚሸሽበት ያስፈልገዋል።"

"ጋለት ሽኑ?" አለ ሙስዐብ።

ጽጌ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ወዲያው ገባት። አንደኛ የሚያስጠራው ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ አንደኛ የሚነበበውን ስም ገና ካሁኑ በጆሮዋ ሰማችው፤ የፋጤ ስም ነው። 

"ክፍሏ ጥሩ ናት ትላለች" አለች በአረብኛ። "እኔ ግን አንድ ያሰብኩት ነገር አለ።" ከዚያም መቀርቀሪያውንም የጓሮውንም በር አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ የራሷ አድርጋ። ሙስዐብ ሲሰማት ቆየና፣ "ይህን እኔ እንዴት አላሰብኩትም?" አለ። ፋጤ ጽጌን አየቻት፤ ከዚያ ባዶውን የምሳ ሳህን ይዛ ወጣች።

ነጋዴው ግን ተቆጣ። "ለሸጋላ ከውስጥ የሚዘጋ በር? ዘርፋኝ በጓሮ እንድትወጣ ነው?" አለ። ሙስዐብ ጽጌን ይዟት ሄደ። "ይህች የሙያው ሰው ናት፤ ኮሌጅ የተማረች" ብሎ አስተዋወቃት። ጽጌ ግማሽ ሰዓት ተናገረች፤ እንደዚያ አሳምራ ተናግራም አታውቅ። ነጋዴው በመጨረሻ፣ "ኸላስ፣ ይሁን" አለ።

ቤቱ በዓመቱ አለቀ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ከርከዴው ቀረበ። ፋጤ ከጽጌ ጎን ተቀመጠች። ሙስዐብ ወረቀቱን ዘረጋ።

"አንደኛ፣ ሲት ጽጌ፤ በሰው ቤት የምታድር ሴት በሯን በራሷ እጅ እንድትዘጋ ላሰበችው።"

ጭብጨባው ባዶውን ሳሎን ሞላው። ጽጌ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ይኸው ነበር። ደስታው ግን አልመጣላትም።

"ለፋጤም ተርጉሚላት እንጂ" አለ ሙስዐብ ደስ ብሎት። "እሷም ትስማው።"

ጽጌ ወደ ፋጤ ዞረች። "ሁላችንንም አመሰገነን" አለች በአማርኛ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ።

"እንደሱ አላለም፤ ሰምቻለሁ" አለች ፋጤ በቀስታ። "ያን ዕለት ቢሮም ሰምቼሻለሁ።"

የጽጌ ፊት ደም መሰለ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ ብናገረው የሸጋላ ስሞታ ይሆን ነበር። የቤቱ ባለቤት በአንድ ቃል ይጥለዋል። ካንቺ አፍ ሲወጣ ግን ይሄው በር ሆነ። እኔ የፈለግሁት በሩን ነው፤ እትዬ፣ ስሙን ውሰጂው።"

"ጋለት ሽኑ?" አለ ሙስዐብ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ሦስት ቃል ይበቃት ነበር፤ ሐሳቡ የፋጤ ነው ማለት። ጽጌ አፏን ከፈተች።

"መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ትላለች" አለች።

ፋጤ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። በጠራ አረብኛ፣ የካርቱም ሰው እንደሚናገረው አድርጋ፣ "አይዋ፣ ልክ ነው። ሺህ መብሩክ፣ ሲት ጽጌ። አላህ ይስጥሽ" አለችና ከሁሉም ቀድማ ማጨብጨብ ጀመረች።

ሙስዐብ ወረቀቱን እንደያዘ ሁለቱን ሴቶች በየተራ አየ። ጽጌ ስሟ አንደኛ ተጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበላት፣ በፋጤ የዚያን ያህል ቀንታ አታውቅም።